ለፌብሮኒያ ያልወረደ ሙሾ

ያን ቀን ከበረሃው የሚመጣው ትኩስ ነፋስ ከማለዳ ጀምሮ ይነፍስ ነበር። ሰማዩ ቢጫ ሆኖ ከዐባይ ማዶ ያለው ተራራ ጠፍቷል። የዘንባባው ቅጠል ይንኮሻኮሻል፤ አፍ ሲከፈት አሸዋ ይገባል። ባልሳም ጣሪያዋ ላይ ወጥታ፣ ፀሐይ ላይ ኩፍ እንዲል ያሰጣችውን የዳቦ ሊጥ አቧራ ሳይጨርሰው ለማውረድ ትሯሯጣለች። የሕማማት ማክሰኞ ነበር። ግማሹን አውርዳ ግማሹ ሲቀራት ከታች ከመንገዱ የጎረቤቷን ድምፅ ሰማች።

«ባልሳም! አንቺ ባልሳም! ውረጂ እንጂ፤ የናርጊስ ልጅ ዐረፈች!»

«የትኛዋ?»

«ስንት አላት? ፌቢ ናታ!»

ባልሳም የቀረውን ሊጥ ለነፋሱ ትታ ወረደች። ፌብሮኒያ ሰባት ዓመቷ ነው። ኩላሊቷን ታማ የብርዱን ወራት በሙሉ እናቷ ወደ ከተማ ሆስፒታል ስታመላልሳት ከርማለች። አባቷ የሞተው ልጅቱ ገና ስትድህ ነው። ናርጊስ ከእሷ ሌላ የላትም።

ባልሳም ማን እንደሆነች በዚያ አገር የማያውቅ የለም። ከካይሮ በስተደቡብ ከሚንያ እስከ መላዊ ባሉት የክርስቲያን መንደሮች ሰው ሲሞት መጀመሪያ ወደ ቄሱ ይላካል፤ ቀጥሎ ወደ እሷ። ሙሾ ያስተማረቻት አክስቷ ናት። ፊደል አልቆጠረችም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ግን ያወረደችው ሙሾ አንዱ ከሌላው ተመሳስሎ አያውቅም። ለቅሶ ቤት ስትገባ ጥግ ይዛ ትቀመጥና ከቤተ ዘመዱ አንዷን በሹክሹክታ ትጠይቃለች፤ ሻዩን ስንት ስኳር ያደርግ ነበር? አህያውን ምን ብሎ ይጠራት ነበር? ሲቆጣ ምን ይላል? ከዚያ ተነሥታ ሻሿን ወገቧ ላይ ታስርና ያንኑ የሰማችውን በዜማ ትመልሰዋለች። ሟቹን አይቶት የማያውቅ ሰው እንኳ ያለቅሳል።

ከሁለት ዓመት በፊት ግን ወደ መንደሩ አዲስ ቄስ መጣ። በዚያ አገር ቄሱን ሁሉ አቡና ይሉታልና አቡና ሳራባሞን ይባላል፤ ወጣት ነው፤ ጢሙ ገና በቅጡ አልሞላም። ፊት መንጨትን፣ ደረት መድቃትን፣ ሙሾ ማውረድን አጥብቆ ይቃወማል። «ትንሣኤን እናምናለን ብለን ተስፋ እንደሌለው ሰው አናለቅስም» ይላል። መጀመሪያ ሴቶቹ ሳቁበት። ቀስ በቀስ ግን አንዷ ሁለቷ እያሉ ሰሙት። ፌቢ በሞተችበት ዓመት ዐቢይ ጾም፣ በሐሙስ የሴቶች ጉባኤ፣ ባልሳም ከመሀል ተነሥታ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆመችና «ከዛሬ ጀምሮ ሙሾ አላወርድም» ብላ ቃል ገባች።

የሆነውን እስከ ዛሬ አትረሳውም። ጉባኤውን የምትመራው መምህርት፣ እህቴ ለማለት ታሶኒ ሚራ እያሉ የሚጠሯት፣ አቅፋት አለቀሰች። ሴቶቹ እየተነሡ ራሷን ሳሟት። በእሑዱ ስብከት ደግሞ አቡና ራሱ ስሟን ጠራ። «እናታችን ባልሳም ለሁላችን ምሳሌ ሆናለች» አለ። ሠላሳ ዓመት ስታስለቅስ ኖራ አንድ ቀን እንኳ ስሟ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተጠርቶ አያውቅም ነበር። ከዚያ ወዲያ ከፊተኛው ወንበር ቦታ ይያዝላት ጀመር። ያን ቃል ስትገባ እግዚአብሔርን አስባ ነበር? በኋላ ራሷን ደጋግማ ጠይቃለች። ትንሽ አስባው ይሆናል።

እንግዲህ በዚያ ማክሰኞ ወደ ናርጊስ ቤት ስትሄድ፣ ሳትፈልገው፣ መንገድ ላይ ሁለት ስንኝ ወደ አፏ መጣ። ፌቢን ታውቃታለች። ልጅቱ ሁልጊዜ በባልሳም በር ስታልፍ ቆም ብላ «አክስቴ ባልሳም፣ ዛሬ ማንን አስለቀስሽ?» ትላት ነበር። ስንኙ ከዚያ ነገር የወጣ ነበር። ባልሳም ከንፈሯን ነክሳ ዋጠችው።

የናርጊስ ቤት አንድ ክፍል ነው። ሴቶቹ ሰሌን ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ነፋሱ በበሩ ስር አሸዋ ያስገባል። ልጅቱ በነጭ ተገንዛ አልጋው ላይ ተጋድማለች። ናርጊስ አታለቅስም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አልጋውን ታያለች። ባልሳም ስትገባ ቀና አለች።

«አክስቴ መጣሽ።»

«መጣሁ ልጄ። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

«ፍትሐት የለም አሉኝ፤ ሰማሽ? ዕጣንም የለም።»

ሥርዓቱ የታወቀ ነው። በሆሳዕና ዕለት ቅዳሴ ሲያበቃ ለሁሉም አንድ ላይ ፍትሐት ይደረጋል፤ ውሃ ይረጫል። ከዚያ እስከ ፋሲካ የሞተ ሰው አስከሬኑ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የሕማማቱ ንባብ ይነበብበታል እንጂ ለብቻው አይፈታም። በዚያ ሆሳዕና ናርጊስ ሆስፒታል ከልጇ አልጋ አጠገብ ነበረች። ውሃው አልደረሳትም።

«ስሟን እንኳ የሚጠራ የለም» አለች ናርጊስ። «አክስቴ፣ አንቺ አንድ ነገር በያት። ሁለት ቃል ይበቃኛል። እኔ እንዳለቅስ አይደለም፤ እሷ እንድትሸኝ ነው።»

ባልሳም ዙሪያዋን አየች። ታሶኒ ሚራ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ዓይኗ እሷ ላይ ነው። ሌሎቹም እሷኑ ያያሉ። የዋጠችው ስንኝ ጉሮሮዋ ላይ ነበር፤ ማውጣት ብቻ ነበር የቀራት።

«ቃል ገብቻለሁ ልጄ» አለች። «በእመቤታችን ፊት ነው የገባሁት። ደግሞ በሕማማት፣ ጌታ በሚሰቀልበት ሳምንት! እንደ አሕዛብ አናለቅስም።»

ናርጊስ ለጥቂት ጊዜ አየቻት። ከዚያ ፊቷን ወደ አልጋው መለሰች። ታሶኒ ሚራ መጥታ የባልሳምን ትከሻ ጨበጥ አደረገችና በጆሮዋ «ጎበዝ፣ ጀግና ነሽ» አለቻት።

ባልሳምም ደስ አላት። በኋላ የሚያሳፍራት ይኸ ነው። ልጅ ተጋድማ፣ እናቷ ደርቃ ተቀምጣ፣ እሷ ግን ትከሻዋ ላይ ያረፈው እጅ ሞቃት።

ከሰዓት በኋላ ሣጥኗ ጥቁር መጋረጃ በለበሰው ቤተ ክርስቲያን መሀል ተቀመጠ። ንባቡ ተነበበ፣ ሕዝቡ ሰገደ፤ ስለ ፌብሮኒያ የተባለ ነገር የለም። ሣጥኗ ትንሽ ስለነበረች የተሸከሟት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ከፋሲካ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ፋኑስ ሞተ። ፋኑስ የሸንኮራ መጭመቂያው ጌታ ነው፤ ከሸንኮራው የሚፈላው ጥቁር ማር እስከ ካይሮ ይሄዳል። የባልሳም ልጅ ዊሳ የሚሠራው እሱ ጋ ነው። በበዓለ ሃምሳ ስለነበረ ፍትሐቱ በደስታ ዜማ ተደረገ። ቀብሩ ከተፈጸመ በኋላ ሴቶቹ በትልቁ ቤት አዳራሽ ተሰበሰቡ። ከከተማ የመጡት በወንበር፣ የመንደሩ ሴቶች በምንጣፍ ላይ። አዳራሹ ዝም አለ፤ የሚሰማው የቡና ሲኒ ብቻ ነበር።

የሟቹ ሚስት፣ እመቤት ለማለት ሲት ዳውላት የሚሏት፣ ወፍራም ሴት ናት፤ ስትናገር አዘውትራ ጣቷን ታነሣለች።

«ይኸ ምንድን ነው?» አለች። «ፋኑስ ነው የሞተው ወይስ የጎረቤት ድመት? ባልሳም የለችም?»

«አለሁ ሲት ዳውላት» አለች ባልሳም ከምንጣፉ ላይ።

«ታዲያ አፍሽን ምን ዘጋው?»

«ትቻለሁ እመቤቴ። አቡናም...»

«አቡና ገና ትናንት ጡት የጣለ ልጅ ነው! እናቴን ያስለቀስሽ አንቺ ነሽ፤ አማቴን ያስለቀስሽ አንቺ ነሽ። ፋኑስ ሲሆን መነኮስሽ?»

ከከተሜዎቹ አንዷ፣ ወርቅ እስከ ክርኗ የደረደረች፣ ወደ ጎረቤቷ ዘንበል አለች። «ይቺ ናት ያን ሁሉ የተባለላት? እኔስ ትልቅ ሴት መስላኝ ነበር።»

«አርጅታለች እባክሽ። ድምፅም እንደ ጥርስ ይወልቃል» አለች ሌላዋ፤ ሁለቱም በመሐረባቸው ስር ሳቁ።

ሰዎች በኋላ ለልጇ እንጀራ ፈርታ ነው አሉላት። እሷም ለጥቂት ቀን እንደዚያ ብላ ራሷን አጽናንታ ነበር። እውነቱ ግን ያ አይደለም። ዊሳ በዚያች ሰዓት ትዝም አላላትም። ያነሣት የዚያች ባለ ወርቅ ሴት ሳቅ ነው። ሻሿን ፈታ ወገቧ ላይ አሰረች፤ ወደ መሀል ወጣች።

«ተነሣ ፋኑስ ሆይ፣ እንግዳ መጥቷል፤
መቀመጫህ ባዶ፣ በርህ ተከፍቷል።
ማሩ ሲፈላ ዋለ፣ ምድጃው ነደደ፤
ቀማሹ ጌታችን ወዴት ተሰደደ።»

ድምፅዋ ለሁለት ወር ታስሮ የቆየ ውሃ ይመስል ወጣ። አዳራሹ ባንድ ጊዜ ጮኸ። ሲት ዳውላት ደረቷን ደቃች፤ ባለ ወርቋ ሴት ዓይኗ ላይ የቀባችው ኩል እስኪወርድ አለቀሰች። ባልሳም እየዞረች አወረደች፤ አንዱን ስትጨርስ ሌላው እየመጣላት፣ ላቧ እየወረደ፣ ዓይኖች ሁሉ እሷ ላይ ሆነው። ስትዞር ስትዞር ወደ ማድ ቤቱ በር ዞረች።

ናርጊስ እዚያ ቆማ ነበር። ሲኒ ለማጠብ መጥታ ነው፤ የሲኒ ትሪ ይዛለች። ከዚያ ሁሉ ሴት ያላለቀሰች እሷ ብቻ ናት።

ባልሳም አፏ ላይ የነበረው ስንኝ ተቋረጠ። ሴቶቹ ያቋረጣት ሐዘን መስሏቸው ይበልጥ ጮኹ። ናርጊስ በአጠገቧ ስታልፍ፣ ቀስ ብላ፣ ለሌላ ሰው በማይሰማ ድምፅ፣ «ለካ ድምፅሽ አለ» አለቻት። ትሪውን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች።

በማግሥቱ ከትልቁ ቤት አንድ ቆርቆሮ ጥቁር ማር ተላከላት። አልከፈተችውም። አልጋዋ ስር ገፋችው።

ወሬው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከመድረሷ በፊት ደርሷል። ከፊተኛው ወንበር የያዙላት ቦታ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ታሶኒ ሚራ ሰላምታዋን ከሩቅ በራሷ ሰጠቻት። ከኋላ ያሉት ደግሞ፣ ባልሳም እንድትሰማቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያወራሉ።

«ለሀብታም ሲሆን ቃል ኪዳኑ ይፈታል ማለት ነው።»

«ተያት እባክሽ፤ የእመቤታችን ሥዕል እንደ ሲት ዳውላት ጣት አያስፈራም።»

ባልሳም መሬት መሬት እያየች ወጣች። በዚያው ሰሞን ከቤት መውጣት ተወች። ዳቦ የምትጋግረው ሰው ጣሪያ ላይ በማይኖርበት ሰዓት ሆነ። ልጇ ዊሳ «እማ፣ ሰው እኮ ይረሳል» ይላታል። እሷን የሚያስጨንቃት ሰው አይደለም ብላ ልትነግረው ትፈልግና ታፍራለች። ምክንያቱም በእሱም እርግጠኛ አልነበረችም፤ ያፈረችው እግዚአብሔርን ይሁን፣ ናርጊስን ይሁን፣ ወይስ ስለተወሰደባት ወንበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ አቡና ሳራባሞን ሄደች። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ማንም አልነበረም፤ እርግብ ብቻ መስኮቱ ላይ ትጮኻለች። በፋኑስ ቤት ያደረገችውን ተናገረች። አቡና አልተቆጣም። ስግደት ሰጣት፤ መዝሙረ ዳዊት እንዲነበብላት ነገራት፤ መስቀሉን ራሷ ላይ አድርጎ ጸለየላት። ባልሳም እጁን ስማ ተነሣች። እስከ በሩ ሄደች። ጫማዋን አንሥታ ቆመች። እንደገና ተመለሰች።

«አቡና፣ አልጨረስኩም።»

«ምን ቀረሽ እማ ባልሳም?»

«ፋኑስ ቤት ያደረግሁት ቀላሉ ነው። ክፉው ናርጊስ ቤት ያደረግሁት ነው።»

«ናርጊስ ቤት? እዚያማ ቃልሽን ጠብቀሻል።»

«ጠብቄያለሁ። ለማን ነው የጠበቅሁት?» አለች ባልሳም። «ታሶኒ ሚራ በር ላይ ቆማ ነበር። እሷ ባትኖር ሁለት ቃል እልላት ነበር። እርስዎ ስሜን በስብከት የጠሩት ጊዜ ነው የተበላሸሁት፤ አይቆጡኝ። እንደገና እንዲጠሩት ብዬ ነው ያቺን ሴት በደረቁ የተውኳት። ሲት ዳውላት ጋም ያው ነኝ። ሰው ብቻ ነው የተለወጠው።»

የአቡና ወጣት ፊት ቀላ።

«እኔም» አለ፣ «ስምሽን ስጠራ ሕዝቡ እኔን እንዲያይ ፈልጌ ነበር። ከእኔ በፊት የነበረው ቄስ ሃያ ዓመት ያልቻለውን ይኸው እኔ ቻልኩ እንዲባል።» ቀጠለ። «ደግሞ ናርጊስን ዝም በያት አላልኩሽም። ሙሾውን ነው ተዪ ያልኩት። አጠገቧ ተቀምጠሽ የልጇን ስም ብትጠሪላት ማን ይከለክልሻል?»

«ያኔ አልመጣልኝም።»

«ለእኔም አልመጣልኝም። ሣጥኑ ፊት ለፊቴ ነበር።»

«ምን ላድርግ?»

«ሂጂና ንገሪያት።»

«ምን ብዬ?»

«እሱን አላውቅም» አለ።

ለመሄድ ሌላ ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመለሰች። በሦስተኛው ስትደርስ ናርጊስ በሯ ላይ፣ ጥላ ውስጥ፣ ለወጥ የሚሆን፣ ሲበስል የሚያሙለጨልጭ የሙሉኪያ ቅጠል ከእንጨቱ ላይ እየቀነጠሰች ነበር። ቀና ብላ አየቻትና ሥራዋን ቀጠለች።

«ልቀመጥ?» አለች ባልሳም።

«መሬቱ የኔ አይደለም።»

ተቀመጠች። ለአቡና የነገረችውን ሁሉ፣ የትከሻው ሙቀት ሳይቀር፣ ነገረቻት። ናርጊስ እጇ አላቆመም። ባልሳም ስትጨርስ፣

«አሁን ይኸን የምትነግሪኝ አቡና ልኮሽ ነው?» አለች።

«ልኮኛል።»

«ብትመጪ ደስ እንዲለው ብለሽ?»

«ሊሆንም ላይሆንም ይችላል» አለች ባልሳም። «እኔ ከእንግዲህ ራሴን አላምነውም።»

ናርጊስ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን አሳረፈች። ከመንገዱ ማዶ የአንዱ አህያ ይጮኻል። ናርጊስ ፊቷን ሳታዞር፣

«ያን ቀን ምን ልትያት ነበር?» አለች።

«እ?»

«ልጄን። ስትገቢ አፍሽ ሲንቀሳቀስ አይቼሻለሁ። ቃል ነበረሽ። እሱን ንገሪኝ። ጮክ ብለሽ አይደለም፤ እንዲሁ ንገሪኝ።»

ባልሳም ዓይኗን ጨፈነች። በሩ ስር የሚገባው አሸዋ ታያት፤ ነጩ ግንዘት ታያት። ሁለቱን ስንኝ ፈለገች። የመጀመሪያው ቃል እንኳ አልመጣም። ጉሮሮዋ ላይ ቆሞ የነበረው ነገር ተንኖ ጠፍቷል።

ሌላ ግን ሊመጣላት ይችል ነበር። እዚያው በተቀመጠችበት፣ ሦስት ጊዜ ሳትተነፍስ፣ ከዚያኛው የሚበልጥ ታወጣ ነበር፤ ያንን ያህል ዓመት የሠራችው ሥራ ነው። ይህ ነበር ብትላት ናርጊስ በምን ታውቃለች? ታለቅስ ነበር። ምናልባት ታቅፋትም ነበር። ይህ በጣም አማራት። የመጀመሪያው መስመር ወደ ምላሷ ሲመጣ እየተሰማት ነበር፤ ያማረ ነበር።

«ጠፍቶብኛል» አለች።

«ምን?»

«ያን ቀን ነበረኝ። አሁን ግን የለም፤ ጠፍቶብኛል ልጄ። ሌላ ልፈጥርልሽ እችላለሁ፤ ግን ለፌቢ የመጣው እሱ አይደለም። ልዋሽሽ አልፈልግም።»

ናርጊስ ዞራ ፊቷን አየችው። የተቆጣች መሰለች፤ ከዚያ የደከማት መሰለች። ባልሳም የምትባለውን ጠበቀች፤ ሂጂልኝ ብትላት ለመነሣት እግሯን ሰበሰበች።

ናርጊስ ከቅጠሉ እቅፍ ሙሉ አነሣችና ባልሳም ፊት አስቀመጠችው።

«እንጨቱን ለዪልኝ» አለች።

ለዩት። ፀሐዩ ከግድግዳው እስኪወርድ ድረስ ብዙም አልተነጋገሩም። ሊያልቅ ሲል ናርጊስ በራሷ ጊዜ «ሙሉኪያ አትወድም ነበር፤ ያዳልጠኛል ትል ነበር» አለች። ባልሳም በልማድ ያን ቃል ወደ ስንኝ ልታደርገው ጀመረችና ተወችው። ዝም ብላ ሰማች።

ባልሳም አሁን ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ያው ቤቷ ውስጥ ከዊሳ ጋር ትኖራለች። ሙሾ አታወርድም። ለቅሶ ቤት ስትሄድ ከሐዘንተኛው አጠገብ መሬት ላይ ትቀመጥና የሟቹን ስም ትጠራለች፤ ሌላ አትጨምርም። ቤተ ክርስቲያን ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ትቆማለች። የማሩ ቆርቆሮ አሁንም አልጋዋ ስር አለ። ማክሰኞ ማክሰኞ ናርጊስ ጋ ትሄዳለች። ናርጊስ ይቅር ብዬሻለሁ አላለቻትም፤ ባልሳምም ጠይቃት አታውቅም።